የማን ብየዳ ነው?

«እዚህ ጋ ስቱኮ ምን ይሠራል?» አለች ሚጢጢ።

መጋጠሚያውን በመዶሻው እጀታ ደግማ መታ መታ አደረገችው። እሷ የበየደቻቸው መጋጠሚያዎች ሲነኩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ይሄኛው ግን ካርቶን የነካች ያህል ዱብ ብሎ ዝም አለ። ጥቁሩን ቀለም በጥፍሯ ፋቀችው። ከሥሩ የተጋጨ መኪና የሚለሰንበት ነጭ ስቱኮ ብቅ አለ።

ወንድሟ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንሸራቶ ወጣ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚሉት። ሲነዳ ፍሬን የሚባል ነገር ስለማይነካ፣ ለሹፈት ያወጡለት ስም ነው።

«ቅዳሜ አንቺ ፈተና ላይ ስትሆኚ እኔ በየድኩት» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ትንሽ ተዝረከረከብኝ። በግራይንደር አስተካከልኩት፣ ቀባሁት፣ አለቀ።»

«ይሄ እኮ የቅስቱ ድጋፍ ነው!»

«ቅስቱ ምን እንደሆነ አንቺ ልታስረጂኝ ነው?»

ቅስቱ ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ ተነስቶ ከጭንቅላቱ በላይ የሚያልፍ ወፍራም የታጠፈ ቱቦ ነው። መኪናው ቢገለበጥ መሬቱን የሚያገኘው እሱ ነው፤ እሱ ካልቻለ ደግሞ የሹፌሩ ጭንቅላት። የሙያ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በሚያካሂዱት የርካሽ መኪና እሽቅድድም ተማሪዎች ከወዳደቀ ዕቃ የሠሩትን ይዘው ይቀርባሉ። የእነ ፍሬን ሞተር ከተጨፈለቀ ታክሲ የወጣ ነበር፤ መሪው ከአንዱ፣ መቀመጫው ከሌላው። ሻሲውን ግን ከባዶ ቱቦ ተነስተው ራሳቸው ነው የገጣጠሙት። ደንቡ ከተማሪ በቀር ማንም እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል።

ፍሬን ሦስተኛ ዓመት ነው። መንዳት ያውቃል፤ መበየድ ግን አይሆንለትም። ሚጢጢ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ዓመት። ግን ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ጋራዥ ውስጥ ብረት ስትይዝ፣ ስትቆርጥ፣ ስትበይድ ነው ያደገችው።

«እንቁረጠውና እንደገና ልበይደው» አለች።

«ነገ። ዛሬ ክላቹን ካልጨረስኩ ጉድ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከዚያ ግን ሼባው ከጠየቀ፣ አንቺ ነሽ የበየድሽው። እሺ?»

«ለምን እዋሻለሁ?»

«አቦ አታካብጂ! ያንቺን አይመረምርም፤ የኔን ካየ ግን አለቀልኝ። ምን እንዳደረገኝ ረሳሽ?»

አልረሳችም። አባታቸው የታወቀ በያጅ ነው፤ ከሠፈሩ በሮች ግማሹ የእጁ ሥራ ነው። «ማስተር» ነው የሚሉት። ስለ ብረት ሲናገር ተሳስቶ አያውቅም። አምና ፍሬን የበየዳትን አንዲት የተንሻፈፈች ማጠፊያ በሽቦ አስሮ ጋራዡ በር ላይ ሰቀላት። ከሥሯ በጠመኔ «የልጄ ሥራ» ብሎ ጻፈ። ሦስት ወር ሙሉ ደንበኛ ሁሉ እየሳቀ ይገባ ነበር። ፍሬን ደግሞ በዚያ በር ሥር አንገቱን ደፍቶ ሲወጣና ሲገባ ከረመ።

«ነገ ግን እንቆርጠዋለን» አለች።

«ቃሌ ነው» አለ ፍሬን። «ይመችሽ፣ ሚጢጢዬ።»

በማግስቱ ግራይንደሩን ሳያነሱት አባታቸው ገባ። ብቻውን አልነበረም። ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝና ሁለት ደንበኞች ተከትለውታል። የልጆቹን ሥራ ሰው ሰብስቦ ነው የሚያየው።

መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሻሲውን አላመሰገነም፣ አልነቀፈም። መዳፉን ቱቦዎቹ ላይ እያስኬደ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ከቅስቱ ጀርባ፣ በቀኝ በኩል ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄን የበየደው ማነው?»

ፍሬን ወደ እህቱ አየ።

«እኔ» አለች።

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በጣም ጥሩ። ግቢና ተቀመጪበት።»

ገባች። ቀበቶውን ራሱ አሰረላት፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ጎተተው። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ከባዱን መዶሻ፣ በሁለት እጅ የሚነሳውን፣ አንስቶ መጣ።

ጎማ ጠጋኙ ገባው። «ኧረ ማስተር! ልጅ እኮ ናት!»

«በያጅ ናት። እኔ ነኝ ስትል ሰማህ አይደል? መኪናው ሲገለበጥ መሬቱ ከኔ መዶሻ የሚለሰልስ ይመስልሃል?»

የመጀመሪያው ምት የቅስቱን ግራ ትከሻ አገኘው። ሻሲው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሷ ውስጥ ሁሉ ተሰማት። ቅስቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ምት ከፊት አረፈ። ብረቱ ጮኸ፣ ግን ያዘ። ሁለቱም የእሷ ብየዳዎች ነበሩ።

አባቷ ወደ ቀኝ ዞረና መዶሻውን መሬት ላይ አሳረፈ።

«የምትናገሪው ነገር አለ?»

በቱቦዎቹ መሃል ወንድሟን አየችው። ሦስት እርምጃ ብትርቀው ነው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር፤ «የኔ ነው» ቢል እንኳ ያልቃል። ፍሬን አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። ማሰሪያው የታሰረ ነበር።

አሁን መናገር ትችላለች። ግን እልህ ያዛት፤ እሱ ሳይናገር አትናገርም።

«የለም» አለች።

መዶሻው ተነሳ።

መጋጠሚያው ሲለቅ ብዙ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ነጭ የስቱኮ ፍርፋሪ ፊቷ ላይ ተበተነ፤ ድጋፉ ተስፈንጥሮ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ወረደ። የገዛ አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀበቶውን የፈታላት ጎማ ጠጋኙ ነበር። አባቷ ያነሳው የተሰበረውን ቱቦ ነው። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ብረቱ ከብረቱ ጋር አልተዋሐደም፤ ላይ ላዩን ብቻ ነበር የተለጠፈው።

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም» አለ። «ገና ስነካው አውቄዋለሁ።»

እናታቸው ጩኸቱን ሰምታ ከቤት እየሮጠች ደርሳ ነበር። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«አውቀህ ነው? እያወቅህ ነው የመታኸው?»

«ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ለማየት ብዬ ነው» አለ አባታቸው። ቱቦውን ፍሬን እግር ሥር ጣለው። «አንተ አበላሸኸው፣ አንተው ታስተካክለዋለህ። እሷን ተዋት።»

ከአንገቷ ሥር ደረትና ትከሻን የሚያገናኘው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ቀኝ እጇን ከደረቷ ጋር አሰረና ስድስት ሳምንት አለ። እናቷ «ከመኪና ወድቃ ነው» አለችው። ሚጢጢም አላስተባበለችም።

ፍሬን መኝታ ክፍሏ የመጣው አንድ ጊዜ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ «ደህና ነሽ አይደል?» አላት።

«ማን እየበየደው ነው?»

«እኔ ነኛ። ሌሎቹም ሁለቱ የኋላ መጋጠሚያዎች ድጋፉ ሲለቅ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሦስቱንም ከአዲስ እየሠራኋቸው ነው።»

«ሳትቀባቸው አሳየኝ።»

«በአንድ እጅ ምን ልታደርጊ?» አለና ሄደ።

ትምህርት ቤት ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ግቢው ውስጥ የማታውቀው ልጅ ሁሉ ሙድ ይይዝባት ጀመር። «ሚጢጢ፣ ጥርሴ ወልቋል፣ ትበይጂልኛለሽ?» አላት አንዱ። ሌላው ስታልፍ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚጢጢ ብየዳ ወንድሟን ሊገድለው ነበር፤ ደግነቱ ሲፈተሽ ተያዘ፤ ወሬው ይሄ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ፍሬንን ከጓደኞቹ ለይታ ጠራችው።

«አንተ ነህ ያወራኸው?»

ግራና ቀኝ አየ። «ምን ልበላቸው ታዲያ? ሹፌር ሆኜ የራሴን ቅስት በስቱኮ ለጠፍኩት ልበል? አንቺ ገና አንደኛ ዓመት ነሽ። ይረሱታል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

በደህናው እጇ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ለውድድሩ አምስት ቀን ሲቀር የአውቶ መካኒክ መምህራቸው መኪናውን ለመመርመር ጋራዡ ድረስ መጣ። የማይቸኩል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያደርግ ሰውዬ ነው። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ቀበቶውን አየ። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የሻሲው ሥዕል አለ፤ ስምንቱ ዋና መጋጠሚያዎች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከየቁጥሩ ጎን የበያጁ ፊርማ ይሰፍራል።

«በያጅ ተብላ የተመዘገበችው እህትህ ናት» አለው መምህሩ ፍሬንን። ወደ ሚጢጢ ዞረ። «ነይ፣ ፈርሚ።»

ሚጢጢ ወደ ቅስቱ ተጠጋች። የኋላዎቹ ሦስት መጋጠሚያዎች ላይ ቀለሙ ወፍሯል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ለስልሰዋል፣ ያብረቀርቃሉ።

«ምን አለበት ሥሩ?» ብላ ወንድሟን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«ፈርሚ በቃ» አለ ፍሬን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «በናትሽ። ሼባው ፊት አታዋርጂኝ።»

አባታቸው በሩን ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንዴ ቅስቱን፣ አንዴ ሁለቱን ያያል። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ሚጢጢ ታውቀዋለች፤ መዶሻውን መሬት ላይ አሳርፎ ሲጠይቃት የነበረው ፊት ነው። አሁንም ያውቃል። አሁንም አይናገርም። ልጁ በዚህ ቅስት ሥር ተቀምጦ ሊነዳ ነው፣ እሱ ግን ማን ቀድሞ እንደሚተነፍስ እየጠበቀ ነው።

ብዕሩን በግራ እጇ ያዘችው። ለግራ እጇ ከባድ ነበር፤ ፊርማው አንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ነው የሚመስለው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። እዚያ ላይ ቆመች።

«ሦስቱስ?» አለ መምህሩ።

«እነሱን አልበየድኩም፣ መምህር። ያኔ እጄ ታስሮ ነበር።» ወደ ፍሬን ዞረችና ብዕሩን ዘረጋችለት። «የበየዳቸው እሱ ነው። ካመነባቸው ይፈርም።»

ፍሬን ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ፣ አባቱን በትከሻው ገፋ አድርጎ ወጣ።

መምህሩ መነጽሩን አውርዶ «አላለፈም» ብሎ ጻፈ።

«ወንድምሽን ጉድ አደረግሽው» አለ አባቷ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

ሚጢጢ አየችው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

«መምህር፣ የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ለምን?»

«እጄ ሲፈታ እዚያ መሥራት እፈልጋለሁ።»

መምህሩ ወደ አባቷ፣ ከዚያ ወደ ታሰረው እጇ አየ። ወረቀቱን አጠፈው።

«የብየዳ ማስክ አለሽ?»

«አለኝ» አለች። ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ በግራ እጇ አውርዳ፣ በብብቷ ይዛው፣ ወደ ቤት ገባች።