ያልጮኸው የመልሕቅ አላርም

የዘመነ አስከሬን ከሞጣ በታች፣ በአባይ በረሃ፣ በሁለት ቋጥኞች መካከል ተሰንቅሮ ተገኘ። ይተኛባት የነበረችው ጀልባ ከጎኑ ተገልብጣለች። ከቢቸና የተጠራችው ኢንስፔክተር ሥርጉት ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ከድንኳኖቹ ስትደርስ፣ ጀልባ ነጂው ጋሽ ገላው እጃቸው በገመድ ታስሮ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል።

ከኋላ ገደል፣ ከፊት ውሃ። መውጫው አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ እሱም ላይ ሚሊሻ ቆሟል። ከነጋ ጀምሮ ማንም ለብቻው እንዲንቀሳቀስ አልተፈቀደም።

«እርስዎን ለምን አሰሩዎት?»

«መልሕቁን የጣልሁት እኔ ነኝ። ገመዱ በእጅህ ነው የላላው አሉኝ። አላላሁትም፣ እሜቴ። እኔ ሞጣ ከታሰርሁ ቤት ያለችው በሽተኛ ሚስቴ ውሃ የሚያቀብላት የላትም።»

አዲስ ለሚሠራ ድልድይ የወንዙን ጥልቀት ለመለካት የወረዱት አራት ነበሩ፤ ኢንጂነር ቢያዝን፣ ቴክኒሻኑ ዘመነ፣ ጋሽ ገላውና ምግብ የምታበስለው ትርሲት። ዘመነ መለኪያዎቹን ለመጠበቅ ጀልባዋ ላይ ያድር ነበር።

«እራት ሳደርስለት የመልሕቁ አላርም አረንጓዴ ያበራ ነበር» አለች ትርሲት። «እሱን ሳያበራ ዓይኑን አይከድንም። ውሃው ሲወስደኝ የሚቀሰቅሰኝ ይኼ ነው ይላል።»

«ሌላ የሰማሽው ነገር አለ?»

ትርሲት ወደ ኢንጂነሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ እንደገና እንለካለን፣ ሳትለካ የጻፍኸውን አልፈርምም ብሎ ዘመነ ሲነግረው ሰምቻለሁ።»

ኢንጂነር ቢያዝን ከማንም በላይ ላብ አጥምቆታል፤ ጃኬቱን ግን እስከ አንገቱ ዘግቶታል።

«በዚህ ሙቀት?» አለች ሥርጉት።

«ወባ ሳይጀማምረኝ አልቀረም።»

«ይህ አላርም እንዴት ነው የሚሠራው?»

የሚያውቀውን ሲያስረዳ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «ጂፒኤስ ነው። መልሕቁ የተጣለበትን ቦታ ይይዛል፤ ዙሪያውን ክብ ይከልላል። መሣሪያው ከክቡ ከወጣ ይጮኻል። ሰማይ ካላየም ይጮኻል፤ ቢቀበር ወይም ውሃ ቢገባ ማለቴ ነው። ዘመነ ማብራቱን ረስቶ እንጂ ይህ ሁሉ ባልሆነ።»

«ማጥፋትስ?»

ጋሽ ገላው ከተቀመጡበት ሳቁ። «ኢንጂነሩ እንቅልፍ ነሳኝ እያለ ሲያጠፋው ጊዜ ዘመነ በቁጥር ቆለፈበት። ቁጥሩን ለእናቱም አልነገረ!»

«አስከሬኑን ማን አወጣው?»

«እኔና ትርሲት ከሚሊሻዎቹ ጋር። ኢንጂነሩ ግን ከድንኳኑ አልራቀም። አሞኛል ብሎ።»

ሥርጉት ወንዙን ትኩር ብላ አየች። ጀልባዋ ታስራበት የነበረው ቦታ ከዳር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«እዚህ የሚቀር የለም። ወደ ሞጣ እንወጣለን።»

ትርሲት እቃዋን ለማንሳት ሮጠች። ጋሽ ገላው እንደታሰሩ ተነሡ።

«እኔ ድንኳኑን ልጠብቅ» አለ ኢንጂነሩ።

«ሲወርዱ ይህን ጉድጓድ ሲረግሙ እንደነበር ሰምቻለሁ። ይቅደሙ።»

ቀደመ። መንገዱ ዳር ካለው የሾላ ዛፍ ሲደርስ እርምጃው አጠረ፤ ከዚያ ቆመ።

«ይቀጥሉ።»

«ትንሽ ልረፍ።»

«እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ላስረዳ» አለችና ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አላርሙ በርቶ ነበር፤ ትርሲት አይታዋለች። የበራ አላርም ጀልባዋ ስትሄድ መጮኽ ነበረበት። ማንም አልሰማም። ስለዚህ ጀልባዋ ስትሄድ አላርሙ አብሯት አልሄደም። መልሕቁ ቢላላ ኖሮ አብሮ ሄዶ ጋሽ ገላውንም ሁላችሁንም ይቀሰቅስ ነበር። አንድ ሰው አስቀድሞ ወደ ዳር አወጣው፤ ቀጥሎ ገመዱን ፈታ።»

«ታዲያ የት አለ?» አለች ትርሲት።

«ያወጣው ሰው ሊያጠፋው አልቻለም፤ ቁጥሩን አያውቅም። ሊቀብረውም፣ ውሃ ሊጥለውም አልቻለም፤ ይጮኻል። በድንጋይ ቢሰብረው እናንተ አጠገቡ ተኝታችኋል፤ ከነጋ በኋላ ደግሞ ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ አላገኘም። ክቡ ዳሩንና ድንኳኖቹን ስለሚያካትት ያለው ምርጫ ይዞት እዚያው ውስጥ መቀመጥ ነው። አስከሬን ለማውጣት እንኳ መራቅ አይችልም። ልብስም ማውለቅ አይችልም።»

ኢንጂነሩ ከሾላው ሥር እግሩን ጎትቶ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ሚሊሻው መንገዱን ዘጋበት።

ሥርጉት የጋሽ ገላውን ገመድ ፈታች። «ጋሼ፣ ኢንጂነሩን ደግፈው ያሳልፉልኝ። ታሟል።»

ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። ከጃኬቱ ውስጥ የወጣው ጩኸት ገደሉን ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ተመለሰ።

«አጥፉልኝ» አለ ቢያዝን፣ ጆሮውን ይዞ። «አጥፉልኝ!»

«የሚያጠፋው ዘመነ ነበር» አለች ሥርጉት።

ዳገቱን ሲወጡ ጋሽ ገላው ከፊት፣ ኢንጂነሩ ከመካከል ነበሩ። አላርሙ እስከ ሞጣ ድረስ ጮኸ።