የምዊላ ፔርሙዝ

ባቲር የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ላንዡ ከተማ፣ የውጭ አገር ተማሪዎች ማደሪያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ክፍል 417፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ አጠገቡ ገና ያልቀዘቀዘ ኩባያ። ያገኘው አብሮት የሚኖረው ዛምቢያዊው ምዊላ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቁርስ ሲመለስ። ልጁ ሲጮህ ከቢጫው ወንዝ ማዶ ተራራው ላይ ያሉት መነኮሳት ጸሎታቸውን አቋረጡ። ማጋነን የሚመስለው ካለ ሄዶ መነኮሳቱን ይጠይቅ።

ለጉዳዩ የተጠሩት ኢንስፔክተር ቹ ናቸው። ቁመታቸው ከበር እጀታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ጭንቅላታቸው ግን ለሦስት ክፍለ ሀገር ፖሊስ ተካፍሎ ይተርፋል። እኚህ ሴት ገበያ መሃል ሲያልፉ ሌቦች የሰረቁትን ብቻ ሳይሆን ሊሰርቁ ያሰቡትንም ይመልሳሉ።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላቸው ረዳታቸው ጎንግ ገና በሩ ላይ። «መርዙ ፔርሙዙ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ፔርሙዙ የምዊላ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቦይለሩ ቤት ሙቅ ውሃ ሞልቶ ያመጣው እሱ ነው። ያለው አሻራ የሱና የሟቹ ብቻ። አለቃ በአሥር ሰዓት ወደ እስር ቤት አምጡት ብለዋል።»

«ከገባ በኋላስ?»

«በመርዝ መግደል ነው፤ እርስዎ ያውቁታል። አገሩን ዳግመኛ የሚያይ አይመስለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። መጀመሪያ የሟቹን ኪስ ፈተሹ፤ ከሱሪው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አነበቡና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ምዊላን አስጠሩ።

ምዊላ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከመጣ ሁለት ወሩ። ቻይንኛው ግን የሁለት ወር አልነበረም። በስልክ ሲያወራ የሰማ ሰው እዚሁ ገበያ መሃል የተወለደ ይመስለዋል።

«ከባቲር ጋር ተጣልታችኋል?»

«ይቀልድብኛል እንጂ አልተጣላንም። ሙቅ ውሃ ስጠጣ ‹አያቴ› ይለኛል። እሱ በጥር ብርድ እንኳ በረዶ የገባበት ኮላ ነው የሚጠጣው።»

«አንተ ትናንት ከፔርሙዙ ጠጣህ?»

«አልጠጣሁም። ዛሬ ረፋድ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የውጭ ተማሪዎችን ወክዬ ንግግር ነበረኝ። ታች አክስት ፋን ዘንድ ስለማመድ አመሸሁ፤ የሳቸውን ሻይ ጠጥቼ፣ መብራት ሲጠፋ ወጥቼ ተኛሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ኑድል ልበላ ወጣሁ።»

«በመሃል ክፍላችሁ ማን ገባ?»

«ቡንሚ ከባቲር ጋር ሊጣላ መጣ። ጋሼ ኢስማት ደግሞ ንግግሬን ሊያርምልኝ።» «እትዬ፣ በእውነት እኔ አይደለሁም።»

«ነህ አላልኩህም» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ላኦሳዊው ቡንሚ እጁን ኪሱ ከቶ ገባ።

«ባቲርን እገድልሃለሁ ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሁለት መቶ ሰው እየሰማ። ፍቅረኛዬን ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ ከተማውን ሲያዞራት ምን ልበል፣ ቤንዚን ልሙላልህ?»

«ትናንት ማታስ?»

«ሰደብኩት፣ ሰደበኝ፣ ወጣሁ። ግን ልንገርዎት፤ ባቲርን ልመርዘው ብፈልግ ኮላው ውስጥ ነበር የምጨምረው። ሙቅ ውሃ ቢገርፉትም አይጠጣም። ይህን ማደሪያው በሙሉ ያውቃል፤ ግቢ ያለችው ድመት ሳትቀር።»

ኢንስፔክተር ቹ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕራቸውን አነሱ።

ሦስተኛው ኢስማት ነው። ከታጂኪስታን የመጣ፣ አራተኛ ዓመት፣ የውጭ ተማሪዎች ሊቀ መንበር። ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ምዊላን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሲም ካርድ ያወጣሁለት እኔ፣ በስልክ መክፈል ያሳየሁት እኔ፣ ቦይለሩ ቤት ወስጄ ፔርሙዝ አሞላል ያስተማርኩት እኔ። ዝምተኛ ልጅ ነው። የዝምተኛ ሰው ሆድ ግን አይታወቅም።»

«ቻይንኛ ይችላል ይባላል።»

«ለሁለት ወር ልጅ ደህና ነው።» ፈገግ አለ፤ በጥርሱ ብቻ።

«አምና ንግግሩን ያደረገው ማን ነበር?»

«እኔ። ካቻምናም እኔ።»

«ታች ግድግዳው ላይ ፎቶህን አይቻለሁ። ያ ቀይ የሐር ጃኬት ያምርብሃል።»

«የትምህርት ቤቱ ነው። ተናጋሪው ብቻ ነው የሚለብሰው። ዘንድሮ ለምዊላ ላስረክበው ስል ልብስ አጣቢው ጋ ጠፋብኝ። የቻይንኛ መምህርታችን ሌላ ገዙለት።»

ኢንስፔክተሯ አመስግነው ሸኙትና ወደ ምድር ቤት ወረዱ። በመግቢያው ላይ ባለች የመስታወት ክፍል አክስት ፋን ተቀምጠዋል፤ የማደሪያው ጠባቂ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ጉንዳን እንኳ ሳይፈርም አላለፋቸውም። ካውያ በየክፍሉ ክልክል ስለሆነ የማደሪያው ብቸኛ ካውያ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ተማሪው ይፈርማል፣ እዚያው መተላለፊያው ላይ ባለው ጠረጴዛ ተኩሶ ይመልሳል።

«ዛሬ ጠዋት ማን ተኮሰ?»

አክስት ፋን መዝገቡን ገለጡ። «አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ኢስማት። ገረመኝ እኮ። አምና ለንግግሩ ከተኮሰ ወዲህ ተጨማዶ ነው የሚዞረው።»

«ምን ነበር የሚተኩሰው?»

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። እጅጌው ግን ታይቶኛል፤ ቀይ ነው።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ተቀብለው ለጎንግ አንድ ነገር በጆሮው ነገሩት። ጎንግ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ቴሌቪዥን ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ምዊላ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል፤ ፓስፖርቱ ኢንስፔክተሯ ፊት ጠረጴዛው ላይ።

«ጠዋት ሙሉ» ብለው ጀመሩ «ሰው ሁሉ ባቲርን ማን ጠላው እያለ ሲጠይቅ ዋለ። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ባቲር ሙቅ ውሃ እንደማይጠጣ የማያውቅ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም። እሱን መግደል የፈለገ ሰው ፔርሙዝ አይነካም። ከዚያ ፔርሙዝ የሚጠጣው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ምዊላ ዞሩ። ምዊላ ወደ ወለሉ አየ።

«ታዲያ ባቲር ለምን ጠጣ?» አለ ቡንሚ።

ኢንስፔክተሯ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጉ። «ረቡዕ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ጨጓራው ተቆጥቷል። ቀዝቃዛ ነገር እንዳይነካ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ እንዲጠጣ ታዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሙቅ ውሃ ጠጪዎች ሲቀልድ የኖረ ልጅ ማን ፊት ይጠጣል? ምዊላ ለቁርስ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ተደብቆ ቀዳ።»

ቡንሚ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ስለዚህ የተሸረበው ለምዊላ ነው። ፔርሙዙ ከሞላ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የገቡት ሁለት ናችሁ። ቡንሚ፣ አንተ በባቲር ቀንተሃል፤ ሁለት መቶ ምስክር አለህ። በምዊላ ላይ ግን ምንም የለህም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኢስማት፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከአሥር ምን ተኮስክ?»

«ሸሚዝ።»

ጎንግ ቀዩን የሐር ጃኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የእጅጌው የካውያ መስመር የተሳለ ይመስላል።

«ከቁም ሳጥንህ ውስጥ ነው የተገኘው» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ይህን የሚለብሰው ተናጋሪው ብቻ ነው፤ ራስህ ነግረኸኛል። ኩባያው በሁለት ሰዓት ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ ስለዚህ አንተ ስትተኩስ ባቲር በሕይወት ነበር። ምዊላም በሙሉ ጤንነቱ ኑድል እየበላ ነበር። በዚያ ሰዓት ዛሬ ሌላ ተናጋሪ እንደሚያስፈልግ ሊያውቅ የሚችለው መርዙን የጨመረው ሰው ብቻ ነው። ምዊላ መውጣቱን አላየህም። አልጋው ላይ እንደሞተ ቆጥረህ ነው የተኮስከው።»

ኢስማት የጃኬቱን እጅጌ በጣቱ ዳሰሰ።

«እዚያ ኑድል ቤት አራት ዓመት በላሁ» አለ። «ሴትየዋ አንድ ቀን ስምህ ማን ነው ብላኝ አታውቅም። እሱን በሁለተኛው ቀን ጠየቀችው። ሥጋ ጨመረችለት።»

«ለሥጋ ነው እንግዲህ?» አለ ቡንሚ።

«መምህርት ክፍል ውስጥ ‹እንደ ምዊላ ተናገር› አሉኝ። እኔን። የመጀመሪያዋን ቃል ከኔ አፍ ነው የተማራት።» ወደ ምዊላ ዞረ። «አንተ እኮ ጨው እንኳ መጠየቅ አትችልም ነበር።»

ጎንግ ኢስማትን ይዞት ወጣ። አክስት ፋን ከኋላቸው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

ኢንስፔክተር ቹ ፓስፖርቱን አንስተው ለምዊላ ዘረጉለት። «ነፃ ነህ። ሰኞ ትምህርት ክፍልህ ግባ።»

ልጁ እጁን አልዘረጋም። «እትዬ፣ የመጣሁ ቀን በረዶ ይጥል ነበር፤ እኔ በሸሚዝ ነበርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ኢስማት ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ እሱ እስከ ከተማ ድረስ እየተንቀጠቀጠ ነው የመጣው። ያም ውሸት ነበር?»

ኢንስፔክተሯ የልጁን እጅ ያዙ።

«አይደለም ልጄ» አሉት ፓስፖርቱን እጁ ላይ እያኖሩ። «ያን ቀን ከልቡ ይወድህ ነበር። ያን ቀን ምንም አታውቅማ።»