የናሙሊ ቁልፍ

«ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አምስት... እሳቸው ደግሞ ማንን ገደሉ?»

ዴኦ ነበር የሚቆጥረው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፣ ግን ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ነው ዝቅ ያደረገው። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ከማንጎው ዛፍ ሥር አባ ካሊስቱስ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንዲት ባልቴት ተንበርክከው ይናዘዛሉ።

የኪሩሙ ቤተ ጸሎት እንደ ከተማዎቹ መጋረጃ ያለው መናዘዣ የላትም። ቄስ የሚመጣው በወር አንዴ በሞተር ብስክሌት ነው፣ ኑዛዜውም ሜዳ ላይ ነው። የሚባለው አይሰማም፤ ማን ስንት ደቂቃ እንደተንበረከከ ግን ለአገሩ ሁሉ ይታያል። እናም ልጆቹ ይቆጥራሉ። እስከ ሃምሳ ያለው ደህና ነው። መቶ ያለፈ ሰው ግን ለቀጣዩ አንድ ወር መሳቂያ ሆነ ማለት ነው።

ጎሬቲ አልሳቀችም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከፊቷ ሦስት ሰዎች ቀርተዋል። ወገቧ ላይ የጨፋሪዎቹ መሪ የምታስረው ነጭ የፍየል ቆዳ ታስሯል። ከኑዛዜው በኋላ በሚደረገው የበዓል ቅዳሴ፣ የመባውን ቅርጫት በራሷ ላይ ተሸክማ እየጨፈረች ከሁሉም ፊት የምትገባው እሷ ናት። ያ ቆዳ እስካለፈው ወር ድረስ የናሙሊ ነበር። ናሙሊ ደግሞ አሁን ከጀርባዋ፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ መሬት መሬት እያየች ቆማለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት፣ ያ ስስ ክብ ነጭ ቂጣ፣ ከማሳካ ከተማ ከደናግሉ ቤት በቆርቆሮ ይመጣና ከመንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ይቀመጣል። ያን ሳምንት ክፍሏን የመጥረግ ተራው የናሙሊ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን ትንሹ ወንድሟ ወባ ጥሎት ሰው ሲጠራት ጊዜ፣ «ጠርገሽ ቆልፊልኝ፣ ስትመለሺ በቤት በኩል አምጪልኝ» ብላ ቁልፉን ጎሬቲ እጅ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። ቁልፍ ለሌላ መስጠት ክልክል ነው። ጓደኛ ግን ጓደኛ ነው።

ጎሬቲ ጠረገች። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈተች። ርቧት አይደለም፤ ደግሞ ይሄ ነገር ምንም አይጥምም፣ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀልጣል፣ በቃ። ግን የመጀመሪያ ቁርባን የሚወስዱትን ሕፃናት አቀራረብ የምታለማምደው እሷ ስለነበረች፣ ብቻዋን ልምምድ ጀመረች። ቄስ ትሆንና «የክርስቶስ ሥጋ» ትላለች፣ ዞራ ልጅ ትሆንና «አሜን» ብላ ትውጣለች። ደስ አላት። ልብ ስትል ቆርቆሮው ከግማሽ በታች ወርዷል።

በማግስቱ ሕዝቡ ከወትሮው በዛ፣ ኅብስቱ አነሰ። አባ ካሊስቱስ እየቆራረሱ፣ መልሰው እየቆራረሱ፣ በመጨረሻ ቁራሹ ጥፍር አከለ። እንዲያም ሆኖ አሥራ አንድ ሰዎች ከመንበሩ ፊት ባዶ አፋቸውን ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዷ ከኮረብታው ማዶ ገና ሳይነጋ ተነስተው በእግራቸው የመጡ አሮጊት ነበሩ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄስ በሌለበት መንደሩን የሚያስተምሩትና የሚያስጸልዩት መምህር ቡኬንያ ልጆቹን ሰብስበው ኅብስቱን ማን እንደበላው ጠየቁ። ናሙሊ ሳትርበተበት፣ ቁልፉን ለጎሬቲ ሰጥቻት ነበር አለች። የሁሉም ዓይን ወደ ጎሬቲ ዞረ።

«አልሰጠችኝም» አለች ጎሬቲ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

አንዲት ቃል ናት። ናሙሊ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ አየቻት ብቻ። መምህር ቡኬንያ ሕፃናቱን የምታለማምደውን ጎሬቲን አመኑ። ነጩንም ቆዳ እዚያው ሰው ፊት ከናሙሊ ወገብ ፈትተው ለጎሬቲ አሰሩላት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ኑዛዜዋን አዘጋጅታለች። ወር ሙሉ ስታስብበት ነበርና ተንኮሉ ተገኝቶላታል፤ ትልቁን ኃጢአት በትንንሾቹ መሐል ትደብቀዋለች። እናቴን አምስት ጊዜ አልታዘዝኩም፤ የጧት ጸሎት ረሳሁ፤ እህቴን ሰደብኩ፤ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ፤ ሳይፈቀድልኝ ምግብ በላሁ፤ ቀናሁ። ያቺ ውሸት ከሌሎቹ ሁለት ውሸቶች መሐል ተሸጉጣ ታልፋለች። ኑዛዜው ውስጥ ውሸት የለም፣ ቁጥሩም አልጎደለም። አርባ ሳይቆጠር ያልቃል።

ያልጠበቀችው የናሙሊን እናት ነው። ካምፓላ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው፤ ልጇ ከፊት ሆና ስትጨፍር ልታይ አስፈቅዳ፣ በመጀመሪያው ታክሲ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ዛሬ ጧት ከች አለች። የሆነውን የነገሯት የውሃው ጉድጓድ ጋ ያሉት ሴቶች ናቸው። አሁን ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ሰው ሰላም ሲላት በአንገቷ ብቻ ነው የምትመልሰው።

ተራዋ ደረሰ። ጎሬቲ ተንበረከከች።

«አባ ባርኩኝ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁና። ከተናዘዝኩ አንድ ወር ሆነኝ።» ከዚያም ያን የሸመደደችውን በአንድ ትንፋሽ አንበለበለችው። አባ ካሊስቱስ ዝንብ በእጃቸው እሽ አሉ።

«ምን ዓይነት ምግብ?»

«ኅብስት። ያልተባረከውን... ከቆርቆሮው።»

አባ ካሊስቱስ ቀና አሉ። የዚያን እሑድ ኅብስቱን በጣታቸው ሲቆራርሱ የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጎሬቲ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

«እሱ ገና ዱቄትና ውሃ ነበር» አሉ። «ሕዝቡ ባዶውን መመለሱ ያሳዝናል፤ ግን ልጅ ነሽ፣ ይቅር ይባላል። ሦስት ጊዜ ዋሸሁ ብለሻል። ከሦስቱ ሰው የጎዳው የቱ ነው?»

ከወደ ሰልፉ የዴኦ ድምፅ ይመጣል፤ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ። ጎሬቲ ወደ ሰልፉ ሰረቅ አድርጋ አየች። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ። ከዚያ ተናገረችው፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ናሙሊ ወንድም ወባ፣ አልሰጠችኝም ስላለችው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ናሙሊ እናት። እየተናገረች እንባዋ መጣ፣ ንፍጧም አብሮ መጣ፣ በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው። ኅብስቱን መብላቷ አሁን ከነጭራሹ ትዝም አላላት። ያሳፈራት ያቺ ቃል ናት፤ ናሙሊ ያኔ ያየቻት አስተያየት ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ አባ ካሊስቱስ። «እኔ ከዚህ ወንበር ከተነሳሁ በኋላ ይህን ነገር ሰምቼው አላውቅም። ከመምህር ቡኬንያ ጋር ምሳ እበላለሁ፤ ናሙሊን ሌባ ሲሏት ዝም እላለሁ። ለእናቷም ልጅሽ ምንም አላደረገችም ልላት አልችልም። ብሞትም አልችልም። ሊናገር የሚችል ሰው አንድ ነው።»

«ካልተናገርኩ አይፈቱኝም?»

«ተጸጽተሻል፣ አያለሁ። የወሰድሽባትን ልትመልሽላት ታስቢያለሽ?»

ጎሬቲ የወገቧን ቆዳ ጠጉር በጣቷ ነጨች። «አስባለሁ» አለች።

መቼ ብለው አልጠየቋትም። ለንስሐዋ የእመቤታችንን ጸሎት ሦስት ጊዜ አዘዙላት፤ እሷ መቶ ጠብቃ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ከራሷ በላይ ዘርግተው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ፈቷት።

ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ቀይ አፈር ተለጥፏል።

«መቶ ዘጠና ሁለት!» አለ ዴኦ። «የነጩ ቆዳ እመቤት! ጉድሽ ፈላ በይኛ! ባንክ ነው የዘረፍሽው?»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ጎሬቲ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል አንዲት ድምፅ ሰማች።

«ዴኦ፣ አፍህን ዝጋ። የአንተም ተራ ይደርሳል።»

ናሙሊ ናት። ጎሬቲን አላየቻትም፣ ፈገግም አላለችላትም። እንዲያው ነገሩ ስላስጠላት ብቻ ተናገረች። ጎሬቲ እንደዚያች ደቂቃ በሕይወቷ አፍራ አታውቅም።

ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ገብታ ጥግ ላይ ተንበረከከች። ሦስቱ ጸሎት ወዲያው አለቀ። እንደገና ሦስት ጨመረች፣ ከዚያ ሌላ ሦስት፤ እየጸለየች ሳይሆን ጊዜ እየገዛች እንደሆነ ራሷም ታውቃለች። ከቅዳሴ በኋላ ብናገርስ? ዛሬ በዓል ነው፣ ሰው ደስ ብሎት የለም ወይ? ነገ ለመምህር ብቻዬን ሄጄ ብነግርስ? ነገ ግን የናሙሊ እናት ካምፓላ ናት።

ኑዛዜው አልቆ ከበሮው ተጀመረ። ጨፋሪዎቹ በር ላይ ተሰለፉ፣ ናሙሊ ከሁሉም ኋላ። መምህር ቡኬንያ ሙዝና እንቁላል የተሞላውን ቅርጫት አንስተው፣ ነይ ተሸከሚ ብለው በእጃቸው ጠሯት።

ጎሬቲ ሄደችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እዚህ አገር ሴት ልጅ ለትልቅ ሰው ተንበርክካ ነውና ሰላም የምትለው፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የቆዳውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠብቋል፣ መምህር ቡኬንያ ቅርጫቱን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። በመጨረሻ ተፈታላትና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

የሆነ ነገር አለች። በከበሮው መሐል አልሰሟትም።

መምህር ቡኬንያ ለከበሮ መቺዎቹ ቆይ ብለው እጃቸውን አነሱ። ከበሮው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ወደ በሩ ዞረ፤ ከፊተኛው አግዳሚ የናሙሊ እናትም ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ምን አልሽኝ?» አሏት መምህሩ።

አሁን ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር የለም። ጎሬቲ ቀና አለች፤ መምህሩን ሳይሆን ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችውን ልጅ አየች።

«ቁልፉን ሰጥታኝ ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።