የቴነሩ የእሑድ ልምምድ

ሐያሲው በገዛ ሳሎኑ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን ያደቀቀው «የዘመኑ ምርጥ የሙዚቃ ሐያሲ» ተብሎ የተሸለመው የእብነ በረድ ሐውልት ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሬሳውንም ሽልማቱንም አየችና፣ ይህ ድንጋይ ገና ዛሬ ሥራ ላይ ዋለ ስትል አሰበች። ስለ ሟች እንዲህ ማሰብ ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። የሰውየውን ጽሑፍ ግን ጋዜጣ በገለጠች ቁጥር ስታነብ ኖራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያወደሰው አንድ የኦፔራ ዘፋኝ ብቻ ነው፣ እዚሁ ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖረውን፣ በከፍተኛው የወንድ ድምፅ የሚዘፍነውን ቴነር። «ድምፁ ሐር ላይ የሚፈስ ወርቅ ነው» ይላል፤ በዓመቱም ያንኑ ወርቅ ያንኑ ሐር ላይ መልሶ ያፈሰዋል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የሰው ወሬ እሷ ዘንድ ገብቶ ገለባው ሳይለይ አይወጣምና ነው። የፊት ለፊቱን በር መረመረች፤ ማንም አልነካውም። የማዕድ ቤቱ በር ግን ወደ ጓሮ ደረጃ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሟች ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ እንግዳውን አስገብቶ ያለ ስጋት ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። ደሙ ረግቷል።

ሬሳውን አግኝቶ የጮኸው የቴነሩ ወኪል ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ላብ አጥምቆታል።

«እኔ ልለምነው ብቻ ነው የወረድኩት» አለ ሳትጠይቀው። «ደወሉን ብደውል ዝም አለኝ። በጓሮ ዞሬ ብገባ… ይኸው።»

«ምኑን ነው የሚለምኑት?»

«ትናንት ኮንሰርቱ እንዳለቀ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ‹ድምፁ አልቋል፤ ማክሰኞ በጋዜጣ እውነቱን እጽፈዋለሁ› ብሎን ሄደ። ያ ከወጣ የኛ ነገር አበቃለት ማለት ነው። የቴነሩ ስም ማክሰኞን አያልፍም።»

«ከሃያ ዓመት በኋላ ኅሊና አወጣ?»

«ምን ኅሊና አለው! አንድ ወጣት ሐያሲ ‹ጆሮው ደንቁሯል› ብሎ ስለሳቀበት ነው።»

«ድምፁስ እውነት አልቋል?»

ወኪሉ ግራ ቀኙን አየ። «ደከም ብሏል እንበል። ትልቁን አሪያ፣ ያን ብቻውን ቆሞ የሚዘፍነውን፣ ኦርኬስትራው ቃናውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጫወትለት። ሦስት ዓመታችን። መጨረሻው ላይ ያለውን ከፍታ እንደ ጥንቱ አይደርስበትማ። ትናንትም እንደዚያው አደረግን። ሕዝቡ የት ያውቃል?»

«ሐያሲውስ?»

«እሱማ ያውቃል። ታዲያ በየሳምንቱ ምሳ የምንጋብዘው ለምን ይመስልዎታል?»

ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም። መርማሪዋ አብሯት የመጣውን ፖሊስ እንዲጠብቀው በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ላይ ወጣች።

የቴነሩ ሳሎን ግድግዳ በመስታወት በተሸፈኑ የጋዜጣ ውዳሴዎች ተለብጧል። የልጅም የወላጅም ፎቶግራፍ የለበትም። ሚስቱ ሶፋው ላይ ደገፍ ብላለች፤ ፒያኖ የምታጅበው ሴት ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምንጣፉ ላይ በዚያ ጫማሽ አትቁሚብኝ» አለች ሚስት፣ መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት።

መርማሪዋ ምንጣፉ መሐል ላይ ቆመች። «ዛሬ ጠዋት፣ ወኪሉ እስኪጮህ ድረስ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ። እኔ፣ እሷና ያ ወኪል ተብዬ። ባለቤቴ እዚያ ክፍል በሩን ዘግቶ ይለማመድ ነበር።»

«አያችሁት?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? ሰማነው እንጂ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲዘፍን ነበር።»

ፒያኒስቷ ሹራቧን ጭኗ ላይ አኖረች። «ያለ ፒያኖ፣ ለብቻው ነበር። ትልቁን አሪያ ሲዘፍን ያን ከፍታ በጥንቱ ልክ ያዘው። እጄን አቁሜ ቀረሁ። ምን ጎበኘው ዛሬ አልኩ።»

«እኔማ አለቀስኩ» አለች ሚስት። «ከተጋባን ሰሞን ወዲህ እንዲያ ዘፍኖ አያውቅም።»

«ከሳሎን የወጣ ሰው ነበር?»

«ወኪሉ ነዋ። ባለቤቴ እየዘፈነ እያለ ሹልክ ብሎ ወረደ፤ ወዲያው ጩኸቱን ሰማን። እሱን ይዘሽ ብትሄጂ ሁላችንም እናርፋለን።»

አሥራ አምስት ዓመት ያገለገላቸውን ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ ጠርጋ አወጣችው። ፒያኒስቷም ዓይኗን ወደ ሹራቧ መለሰች።

ቴነሩ በልምምድ ክፍሉ የሐር ካባ ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቆሟል።

«እህቴ፣ ኦፔራ ታዳምጫለሽ?»

«ካልተገደድኩ አላዳምጥም።»

ትከሻውን ሰበቀ። ለማይረባት ነገር ጉሮሮውን ላያደክም የወሰነ ይመስላል። እሷ ክፍሉን ቃኘች። ወደ ጓሮ ደረጃ የሚያስወጣ ሁለተኛ በር አለው። ጠረጴዛው ላይ መቅጃ ማሽንና ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተቀምጠዋል፤ ካሴቶችም በየረድፉ ተደርድረዋል።

«የየቀኑን ልምምዴን እቀዳለሁ» አለ ዓይኗን ተከትሎ። «የራሱን ድምፅ መልሶ የማያዳምጥ ዘፋኝ አያድግም።»

የላይኛው መደርደሪያ ላይ የወጣትነቱ ቅጂዎች ነበሩ። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፣ ከአንዱ በቀር።

«የዛሬው ልምምድ እንዴት ሆነልዎ?»

«እንደ ሁልጊዜው። ፍጹም ነበር።»

ማምሻውን አራቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወኪሉ ደጃፍ ላይ ከቆመው ፖሊስ አጠገብ ተቀምጦ እጁን እያሻሸ ነው። ፖሊሱ የያዘው ካቴና ለሱ የመጣ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፤ እሱ ራሱም።

«ከሬሳው ልነሣ» አለች መርማሪዋ። «ወኪሉ ሲጮህ እኔ ማዕዘኑ ላይ ካለው ጣቢያ በእግሬ ወዲያው ደረስኩ። ደሙ ግን ረግቶ አገኘሁት። ሬሳውን ያየው ሐኪምም ወኪሉ ከዚህ ሳይነሣ በፊት ነው የሞተው ብሎኛል። ያኔ ደግሞ እናንተ ሦስታችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል። ገዳዩ በጓሮ ደረጃ ነው የገባው፤ ሟችም አውቆት ነው የከፈተለት። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ማንም በዓይኑ ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሰምተነዋል አልኩሽ እኮ!» አለች ሚስት።

«አዎ፣ ሰምታችሁታል። ትናንት ሕዝብ ፊት ኦርኬስትራ ዝቅ ብሎለት የዘፈነ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት ተነሥቶ በጥንቱ ከፍታ ሲዘፍን ሰምታችሁታል። አንዷ ሹራቧን አቆመች፣ አንዷ አለቀሰች። እናንተ የሰማችሁት የወጣትነቱን ካሴት ነው፤ መደርደሪያው ላይ አቧራ ያልለበሰውን አንዱን።» ወደ ቴነሩ ዞረች። «ካሴቱን ያስነሡትና በጓሮ ይወርዳሉ፤ ሳያልቅ ይመለሳሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የዚህ ሳምንት ልምምድዎ እኮ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። አንዱን አንሥተው አስገብተው ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይልዎትም ነበር፤ እኔም ይህን ምስኪን አስሬ ሄጄ ነበር። ግን ሰው ሊገድሉ ሲወጡ እንኳ፣ ሳሎን ለተቀመጡ ሦስት ሰዎች ጥሩ ሆነው መሰማት አማረዎት።»

ቴነሩ ፈገግ አለ። «ማስረጃሽ ይኸው ነው? ዛሬ ሆኖልኝ ነው የዘፈንኩት።»

«እሰየው። ፒያኖው እዚህ ነው፣ አጃቢዎም እዚህ ናት። በጥንቱ ልክ ይዝፈኑት። ከደረሱበት እዚሁ ፊታችሁ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ።»

ፒያኒስቷ ሹራቧን አስቀምጣ ተነሣች። ሳታመነታ መግቢያውን ተጫወተች፣ ቃናውን ዝቅ ሳታደርግ። ወኪሉ ትንፋሹን ያዘ። ነፃነቱ በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሏልና፣ አሥራ አምስት ዓመት «ይድረስ፣ ይድረስ» ሲል የኖረ ሰው አሁን እንዳይደርስ ፈጣሪውን እየለመነ ነበር።

ቴነሩ ቆመ። ደረቱን ነፋ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ሚስቱን አየ፣ ፒያኒስቷን አየ፣ ደጃፍ ላይ የቆመውን ፖሊስ ሳይቀር አየ። አድማጮች ነበሩ። መግቢያው አለቀ። ፒያኒስቷ መልሳ ጀመረችለት፤ ያም አለቀ። አንድ ድምፅ አላወጣም፤ አፉን ገጠመ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ሞክረው እንጂ!» አለችው በንዴት። ወኪሉ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ፤ ስለ ሟች ግን አልነበረም።

ካቴናው ሲገባለት ቴነሩ ወደ መርማሪዋ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሯት፣ «አንድ ነገር እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ» አላት።

«ምን?»

«ጉንፋን ይዞኝ እንደነበር። ባይዘኝ ኖሮ እዘፍነው ነበር።»

መርማሪዋ በሩን ከፍታ አሳየችው። ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቶ በየደጃፉ ወጥቷል። ቴነሩ በፖሊሱ ታጅቦ ደረጃውን ወረደ፣ ሰው በቆመበት ደጃፍ ሁሉ ጉሮሮውን በታሰረ እጁ ይዞ እያሳለ።