ያልተቀየረው ኬብል

ዳኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኳስ ሲያጫውቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ሜዳቸው ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ሆነ። የሚኖሩት ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ከታናሿ ጋር ነው፤ እሷ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት።

አንድ ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ምስሉ ተቆራርጦ ተበታተነና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ልጅቷ ዲኮደሩን አጥፍታ አበራችው፤ ከጀርባው ያለውን ኬብል ነቅላ መልሳ ሰካችው። እምቢ አላት። ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቱ ደወለች።

የመጣው ቴክኒሻን ረጅም፣ ቁጥብ ወጣት ነበር።

«ምን ምን ሞከሩ?» አላት።

«አጥፍቼ አበራሁት፤ ኬብሉንም ነቅዬ ሰካሁት። ደግሞ...» ትንሽ አፈረች፤ «በጥፊም መትቼዋለሁ።»

«እሱ እንኳን መመሪያው ላይ የለም።»

«አንተ ልጅ፣» አሉ ዳኛው ከሶፋቸው ላይ ሆነው፣ «ገባ ወይስ ሳተ?»

«አባባ፣ እኔ የኬብሉን እንጂ የኳሱን አላውቅም።»

ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። እሱ የያዘውን ፒንሳ ረስቶ አያት።

ዲኮደሩ ደህና ነበር። ከመስኮቱ በላይ የተሰቀለው የሲግናል ማከፋፈያ ሳጥንም ደህና ነበር። የተበላሸው ከውጭ የሚገባው ኬብል ነው፤ የላስቲክ ልባሱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። መቀየር ነበረበት። አዲስ ጥቅል መኪናው ውስጥ አለ፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

አልቀየረውም። ጫፉን ቆርጦ ማከፋፈያው ላይ አጥብቆ አሰረውና ምስሉ ተመለሰ። «ከተቋረጠ በቀጥታ ለእኔ ይደውሉ» ብሎ ስልኩን ጻፈላት።

በሳምንቱ ተቋረጠ። ከዚያም ደጋግሞ ተቋረጠ። በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ወጥቶ ማከፋፈያውን ያጠብቃል፤ ዳኛው ቁጭ ብለው ያዩታል። በአራተኛው ጊዜ በእሱና በልጅቷ መካከል «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ ነበር። በአምስተኛው ምንም ሳይበላሽ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ጠበቃት።

«ትናንት የላክልኝ መልእክት ስህተት በስህተት ነው» አለችው አብረው ሲሄዱ።

«ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«‹እወድሻለሁ› ከሚለው በቀር ሁሉም።»

ቅዳሜ ዳኛውን ስለ ጋብቻ ሊያናግራቸው ተስማሙ። ዓርብ ደግሞ ኬብሉን ሊቀይር ለራሱ ቃል ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ሰፈር ምሰሶ ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ ምስሉ ሄደብኝ እኮ» አሉት ዳኛው።

«መጣሁ አባባ። እስክደርስ ምንም እንዳይነኩ።»

«እሺ፣ እሺ።»

ግን አላስቻላቸውም። እሱ ሲያደርግ ያዩትን አደረጉ፤ ወንበር ላይ ወጡ። ሲደርስ ጎረቤቶች ከወለሉ ላይ እያነሷቸው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሆስፒታል በገቡ በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

ዘጠኙንም ቀን ከልጅቷ ጋር እየተፈራረቀ አስታመማቸው። እሷም ትከሻው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሊነግራት አልቻለም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱን ጥቅልና መሰላል ይዞ መጣ። አሮጌውን ኬብል ስቦ ሲያወጣው ልጅቷ ስንጥቁን አየችው።

«ይሄ መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም ነበር።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አይቼዋለሁ። አዲሱ መኪናው ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ደግሜ ላይሽ ብዬ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የኬብሉን ስንጥቅ በጣቷ ዳሰሰችው።

«አባዬ በሕይወት እያለ ብትነግረኝ ኖሮ እስቅ ነበር» አለች። «ደስም ይለኝ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አልጠላሁህም። ግን ፊትህን ባየሁ ቁጥር አባዬ ከወንበሩ ሲወድቅ ነው የሚታየኝ።»

«ትንሽ ጊዜ ብንሰጠው...»

«ተወኝ በቃ። አልችልም።»

ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ።

«ጨርሰው» አለችው። «ቤቱን አከራይቼ እኅቴ ዘንድ ልሄድ ነው። የሚገባው ሰው እንዳይቸገር።»

መሰላሉ ላይ ወጣ። ኬብሉ ሁለቴ ከእጁ አመለጠው። ወደ ታች ሲያይ መጥታ መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለታለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እስኪወርድ ድረስ አልለቀቀችም።

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ጥቂት አይታ አጠፋችው።

በሩ ላይ ተጨባበጡ፤ እጃቸውን ለመላቀቅ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።