እርጥብ ጠፍር

እስቲ ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ድምፄ እንደ ዱሮው ሩቅ አይሄድም። የምነግራችሁ የስልክ ሽቦ በእንጨት ምሰሶ ላይ መዘርጋት በጀመረበት ዘመን፣ በበጋ፣ በአንድ ሐሙስ ስለሆነው ነገር ነው።

በዚያ ዘመን በገበያው በር ላይ የአገረ ገዥው ዐዋጅ ተለጥፎ ነበር፤ «በመንገድ ወድቆ ደሙ የፈሰሰን ሰው፣ ዳኛ ሳያየው የነካ፣ ለደሙ ተጠያቂ ነው» ይላል። ዐዋጁ በክፋት አልወጣም፤ ወንበዴዎች ቁስለኛ የሚረዱ መስለው ኪስ ያራግፉ ስለነበር ነው። ዳሩ ግን አንድ ቢላ ሞራጅ ከመንገድ ያነሣው ቁስለኛ እጁ ላይ ሞተበትና ሁለት ዓመት ጨለማ ቤት ተቀመጠ፤ ሲፈታ የገዛ ደጃፉን በእጁ እየዳሰሰ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ሰው በወደቀ ቁጥር የከተማው ሰው ዓይኑን ሰማይ ላይ ይሰቅል ጀመር።

አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ በስፌት አይቸኮልም ስለሚል «ጋሽ ቀስታ» ይሉታል። ያን ዕለት ጠዋት ቆዳ ከሚነከርበት ገንዳ ያወጣውን እርጥብ ጠፍር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ምሰሶ የጫነ ጋሪ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ነጂው ማንም የማያውቀው መንገደኛ ነው፤ ጭኑ ተተርትሮ ደሙ ድንጋዩን ያርሰው ጀመር። ሃያ ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚነቃነቅ የለም። ጋሽ ቀስታም ቆመ፤ ቢላ ሞራጁን አሰበ፣ ሚስቱን አሰበ፤ እጁ ግን ከሐሳቡ ቀደመ። ተንበርክኮ ከቁስሉ በላይ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ ጠመጠመ፤ እንደ ኮርቻ እንጨት ጥብቅ አድርጎ ቋጠረ፤ ትርፉን በመቁረጫ ቢላው ቀነጠሰ። ደሙ ቆመ። የዘበኞች ፊሽካ ሲሰማ በሰው መካከል ሾልኮ ወጣ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እጁን አይታ በሩን ዘጋች።

«የማን ደም ነው?»

«የመንገደኛ።»

«ነካኸው?»

እጁን ከኋላው ሸሸገ።

«ዕድሜህን ሁሉ ቀስ ስትል ኖረህ ዛሬ ለጥፋት ፈጠንክ?» አለችው፤ ውሃ አምጥታም እጁን አስታጠበችው። «ማንም ቢጠይቅህ ከቤት አልወጣህም፤ ሰማኸኝ?»

ሥራው ላይ ተቀመጠ። ትናንት በእርጥብ ጠፍር ያሰረው የኮርቻ እንጨት መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ነበር፤ ድንገት ሲጥ አለ። ጠፍር ደርቆ እንጨቱን ሲጨብጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲወደው የኖረው። አሁን ግን ወስፌው ከእጁ ወደቀ።

«በእርጥቡ አሰርኩት» አለ።

«እና?»

«ነጠላም ጨርቅም ጠፍቶ አይደለም፤ እጄ የለመደውን አሰረ። ሲደርቅ እንጨት የሚሰብር ጠፍር ነው፤ እግሩን ይገድለዋል።»

«ይፈቱለታላ።»

«ያን ቋጠሮ ከኔ ሌላ ማን ይፈታዋል?»

«ብትሄድ ትታሰራለህ።»

«አውቃለሁ። ፈርቻለሁም።»

እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ ከደጃፍ ተመለሰ፤ አንዴ ኮፍያዬን ረሳሁ ብሎ፣ አንዴ ኮፍያው ራሱ ላይ እያለ። በሦስተኛው ግን ውሃ የሞላ ማሰሮ አንጠልጥሎ ወጣ።

መንገደኛው በዘበኞች ግቢ፣ እጅ እንዳይነካው በዱላ ተገፍቶ በወጣበት ሳንቃ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ተጋድሞ ነበር። የዘበኞቹ አለቃ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ያን ጠፍር ያሰርኩት እኔ ነኝ። አሁኑኑ መፈታት አለበት።»

አለቃው ትክ ብሎ አየው። «ሰው ከእስር ይሸሻል፤ አንተ በእግርህ መጣህ? ይሁን፣ እዚያ ተቀመጥ። ጠፍሩ ግን ማስረጃ ነው፤ ዳኛው ሳያዩት እጅ አያርፍበትም።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ምሳቸውን ሲጨርሱ።»

«እግሩ አይጠብቃቸውም። ጣቶቹን ይዩዋቸው፤ ጠቁረዋል።»

አለቃው አየ፤ ዓይኑንም ወደ መሬት ሰበረ። «ዐዋጁ እኔንም ይመለከታል፤ ልጆች አሉኝ።»

«ውሃስ፣ ጌታዬ? ውሃ እጅ ነው?»

አለቃው ማሰሮውን አየ። «ስለ ውሃ የተጻፈ የለም» አለ በመጨረሻ።

ጋሽ ቀስታ ተንበርክኮ በጠብታ በጠብታ ያፈስ ጀመር፤ ጠፍሩ ሲርስ ትንሽ ላላ፤ ፀሐይዋ ደግሞ መልሳ ታደርቀዋለች። ሰዓቱ አልሄድ አለ። ማሰሮው እየጎደለ ሲሄድ፣ ሲጥ የሚለውን ድምፅ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቅ ነበር። በዚህ መካከል የግቢው በር ተከፈተ፤ ሚስቱ እንስራ አዝላ ገባች።

«ቀስ ብለህ አፍስስ፤ ሌላ የለኝም» አለችው፤ ከጎኑም ተቀመጠች።

ዳኛው መጡ። መንገደኛውን «ማን ነው የነካህ?» አሉት። እሱም ትኩሳት ባጨለመው ዓይኑ ዙሪያውን አየና ጋሽ ቀስታን ጠቆመ፤ «ይህ ሰው ነው። ቢላ ይዞ ጎንበስ ብሎብኝ ነበር።» አልዋሸም፤ ያየው ያንን ነበር።

ዳኛው ጠፍሩን አይተው እንዲፈታ ፈቀዱ። ጋሽ ቀስታ ቋጠሮውን በጥርሱና በጥፍሩ ፈታው፤ የቁስሉ ደም ረግቶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ በጠቆሩት ጣቶች ላይ ቅላት ሲመለስ አየ። ያን አይቶ ነው እጆቹን ለሰንሰለት የዘረጋው። የተፈረደበት አንድ ዓመት ነው፤ አንድም ቀን ሳይጎድል ጨረሰ።

መንገደኛው እያነከሰም ቢሆን በሁለት እግሩ አገሩ ገባ፤ በቢላ ከመጣበት ሰው እንዴት እንደተረፈም እስኪሞት ድረስ ያወራ ነበር። በከተማው መዝገብ ላይ ስልኩ የገባበት ቀንና የአገረ ገዥው ማዕረግ በሙሉ ሰፍሯል፤ ስለ ጋሽ ቀስታ ግን አንዲት መስመር ብቻ አለች፤ «አንድ ኮርቻ ሰፊ ዐዋጅ ተላልፎ ታሰረ» የምትል። ዐዋጁም ከአራት ዓመት በኋላ ከገበያው በር ላይ ተነሣ፤ ለምን እንደተነሣ አልተመዘገበም። ስለ ውሃውም የተጻፈ የለም።

እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጆቼ። ያቺን ማሰሮና ያቺን እንስራ እናንተ አስታውሱልኝ።