የቆዳ ማሳ

«ሁሉም ሞቱ» አለች ትርንጎ፣ ከቤተ ሙከራው ብቅ ብላ።

ጋሽ ይማም በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡ። «አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶው የት ነው?»

«ሕዋሶችዎን ነው የምልዎት፣ ጋሽዬ።»

«እኔ ደግሞ የሰው መስሎኝ» ብለው ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ከበደ።

ጋሽ ይማም የኮምቦልቻ ወጌሻ ናቸው። አጥንት የሚጠግነው ሮቦት በየሰፈሩ በቆመበት ዘመን እንኳ ሰው እየተደበቀ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። የፈላ ዘይት የጣታቸውን ጫፍ ከላጠው ወዲህ ግን ስብራትን ከወለምታ መለየት አቅቷቸዋል። ወጌሻ ጣቱ ካልሰማ ምን ቀረው?

የትርንጎ ሥራ የቆዳ ማሳ ማሳረስ ነው። ማሳው ፖሊመር ነው፤ የላስቲክ ዘመድ የሆነ ስስ ቅጠል። ማሽኗ ከፀጉር በቀጠነ ትልም ታርሰዋለች፤ ትልሙ ላይ ሕዋስ የሚስብ ኬሚካል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የሚያባርር ትቀባለች። የተዘራው ሕዋስ ትልሙን ተከትሎ ቆዳ ይሆናል። ለሌሎች ሕመምተኞች የክንድም የጉንጭም ቆዳ እንዲህ ሲበቅል ኖሯል፤ የጣት ጫፍ ግን እምቢ አለ። ሕዋሱ እየተንሸራተተ ይሞታል። አሁን የተረፈው ለአንድ ጊዜ ዘር ብቻ ይበቃል።

የመጨረሻውን ማሳ ከማሽኗ ስታወጣ፣ ሊጥ እንደሚከድን ሰው፣ ሳታስበው በባዶ ጣቷ አማተበችበት። ወዲያው ክው አለች፤ ባዶ እጅ የነካው ማሳ እንደ ተበከለ ይቆጠራል። ሕዋሶቹ ግን ከማቀዝቀዣው ወጥተዋል፤ ሌላ ማሳ እስኪታረስ አይቆዩም። ዘራቻቸው።

በማግስቱ ማሳው ራሰ በራ ሆኖ አገኘችው፤ ጣቷ የነካው ቦታ ብቻ ለምልሟል። ማሽኗ ከልክ በላይ አጽድታው ሕዋሱ የሚጨብጠው አጥቶ ኖሯል። ትርንጎ የጣቷን መስመርና ወዝ ለማሽኗ አስጠናች፤ ማሽኗም አዲስ ማሳ በዚያው አረሰች፤ ጣቷ በነካው ቦታ ከተረፉት ሕዋሶች ቆዳው በቀለ።

አዲሱ ቆዳ ጣታቸው ላይ ተለጥፎ ከያዘ በኋላ፣ ፋሻው ሲፈታ ጥፋቷን ተናገረች።

«አማተብሽብኝ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሼኹም ዱዓ አድርገውልኛል። የትኛው እንዳዳነኝ ዱዓውና መስቀልሽ ይነጋገሩ።» የእጇን አንጓ ያዝ አድርገው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይቺ በልጅነትሽ ወልቃለች። የመለሳት ሰው ቸኩሏል።»

ትርንጎ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ እንዳይነካው ስትጠብቀው የኖረችው ማሳ፣ ለካ የጎደለው የሰው እጅ ነበር።

ጋሽ ይማም ሊወጡ የጣት አሻራ የሚለየውን በር በአዲሱ ጣታቸው ነኩት። «መልካም መንገድ፣ ትርንጎ» ብሎ ተከፈተላቸው።

ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ደሞዝሽም የሚወጣው በዚሁ ነው?»